የአምስትራድ 464 ፕሪንተር ጣጣ፦ ጠይቁኝ

ሲፒሲ 464 ቤቴ እንዳለ ከተወራ ወዲህ የጥያቄ መዓት ወርዶብኛል። ለማታውቁት፦ አምስትራድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮምፒውተር ነው። 64 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው፤ የካሴት ማጫወቻው ከኪቦርዱ ጎን ተገጥሟል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ፕሪንተር ስለሆነ በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር (በመርፌ ነጥብ እየመታ የሚያትመውን) ሰካሁበት። ያትማል፤ ግን በየመስመሩ መሀል አንድ ባዶ መስመር ይዘላል። ተበላሽቶ ይሆን?

ፕሪንተርህ ጤነኛ ነው ወንድሜ። ኮምፒውተሩ መስመር ሲጨርስ ሁለት ትእዛዝ ይልካል፦ «ወደ ግራ ተመለስ» እና «ወረቀቱን አንድ መስመር ግፋ»። ማገናኛው ላይ ደግሞ 14 ቁጥር እግር አለች። ፕሪንተሩ ይቺ እግር ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመር) ጋር ተያይዛ ካገኛት፣ ወደ ግራ በተመለሰ ቁጥር ወረቀቱን በራሱ ይገፋል። 464 ላይ ደግሞ ተያይዛለች። ስለዚህ ሁለቱም ይገፋሉ። ሁሉንም አጥፍተህ፣ ኬብሉን ነቅለህ፣ የ14 ቁጥርን ሽቦ ቁረጣት። በቃ። የኮምፒውተሩን ሳጥን መፍታት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ፕሪንተሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማብሪያዎች ብነካካም ለውጥ የለም።

አይኖርምም እህቴ። ከማብሪያዎቹ አንዷ ፕሪንተሩ ወረቀቱን በራሱ እንዲገፋ የምታዝ ናት። ወረቀቱን ለመግፋት እሷ ወይም 14 ቁጥር፣ አንዷ «አዎ» ካለች ይበቃል። ሽቦዋን ከቆረጥሽ በኋላ ግን ማብሪያዋ መጥፋቷን አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ 14ኛውን ሽቦ ቆረጥኩ፤ አሁንም ያው ነው!

እኔም እዚሁ ጉድጓድ ገብቼ ነበር። ጠፍጣፋው ኬብል ላይ ሽቦዎቹ በእግር ቁጥር አይደረደሩም፤ ከላይና ከታች ካለው ረድፍ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፦ 1፣ 19፣ 2፣ 20፣ 3፣ 21... ስለዚህ 14 ቁጥር እግር ዳር ካለው ባለቀለም ሽቦ ጀምረህ ስትቆጥር 27ኛው ላይ ናት። አንተ የቆረጥከው የ25 ቁጥርን ነው። እሱ ከብዙዎቹ የግራውንድ ሽቦዎች አንዱ ስለሆነ ጉዳት የለውም። መልሰህ ብትቀጥለው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አልቀጠልኩትም። ከመቁረጥህ በፊት ቴስተርህን ድምፅ ላይ አድርገህ እግሯንና ሽቦዋን ፈትሽ። ሲጮህ ቁረጥ።

ጥያቄ፦ ጽሑፍ ላይ ችግር የለም። ስዕል ሳትም ግን በየመሀሉ ነጭ መስመር ይገባል፤ ዳር ላይ ደግሞ ዝባዝንኬ ያትማል።

ይሄ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተር የሚልክበት ቺፕ 8 መስመር አለው። ከ8ቱ አንዱን «ዳታው ደርሷል፣ ውሰድ» ለሚለው ምልክት ተጠቅመውበታል። ለዳታ የቀረው 7 ነው፤ የስምንተኛው ቦታ፣ ማለትም 9 ቁጥር እግር፣ ግራውንድ ላይ ታስሯል። አንድ ቺፕ ለመቆጠብ ሳይሆን አይቀርም። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1፣ ይልካል። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ 7 ቢት ይበቃል። ስዕል ላይ ግን እያንዳንዱ ቢት አንድ መርፌ ነው። ስምንተኛው ቢት ከሌለ የላይኛው መርፌ አይመታም። ነጭ መስመርህ እሱ ነው።

ዝባዝንኬው ደግሞ ከቁጥር ነው የሚመጣው። የ464 ስክሪን ሞድ 2 በሚባለው አሠራሩ ወርዱ 640 ነጥብ ነው። ፕሪንተሩ ይሄን በሁለት ባይት (ባይት 8 ቢት ነው) ይቀበላል፦ 2 ጊዜ 256፣ ሲደመር 128። በ7 ቢት 128ን መላክ አይቻልም፤ ዜሮ ሆኖ ይደርሳል። ፕሪንተሩ 512 ነጥብ ስሎ ያቆማል። የቀሩትን 128 ባይቶች እንደ ፊደል፣ አንዳንዴም እንደ ትእዛዝ ያነባቸዋል። አንዴ ወረቀቱን ሁሉ ተፍቶብኝ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስምንተኛው ቢት ከየት ይመጣል?

ከካሴቱ! ኪቦርዱንና ካሴቱን የሚያስተዳድረው 8255 የሚባል ባለ 40 እግር ቺፕ አለ። 12 ቁጥር እግሩ ወደ ካሴት የሚቀዳውን ድምፅ ያወጣል። ስታትም ካሴት አትቀዳም፤ ስለዚህ ሥራ ፈት ነው። ከኬብሉ የ9 ቁጥርን ሽቦ፣ ማለትም 17ኛውን፣ ቁረጥ። በፕሪንተሩ በኩል የቀረውን ጫፍ በቀጭን ሽቦ ከቺፑ 12 ቁጥር እግር ጋር በሊድ በይደው። በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ሸፍነው፤ ግራውንድ ነው። ቦርዱ ላይ ምንም አይቆረጥም። እጅህ ለሊድ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ በተጣለ ሬዲዮ ተለማመድ።

ጥያቄ፦ በይጄ ጨረስኩ፤ ነጭ መስመሩ ግን አለ።

ጋሼ፣ ሽቦው ብቻውን አያውቅም፤ የሚነግረው ፕሮግራም ይፈልጋል። እያንዳንዱ ባይት ከመላኩ በፊት፣ ስምንተኛው ቢት 1 ከሆነ በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 0ቢ፣ 0 ከሆነ 0ኤ ወደ 8255 መቆጣጠሪያ ፖርት ኤፍ7 ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ለማተም በሜሞሪ አድራሻ ቢዲኤፍ1 በኩል ስለሚያልፍ፣ እዚያ ላይ የራስዎን አጭር ኮድ ጣልቃ ማስገባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በዩኤስቢ ፕሪንተር አይሆንም?

በዚህ ሽቦ አይሆንም። ፓራለል የሚባለው የድሮ ሰፊ ማገናኛ ያለው ፈልግ።

ጥያቄ፦ አማርኛስ ያትማል?

እንደ ጽሑፍ አያትምም። 7 ቢት 128 ኮድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 32ቱ ደግሞ ትእዛዝ ናቸው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ብቻ 231 ነው። ስለዚህ ፊደሉን እንደ ስዕል ነው የምትልኪው፤ ለዚህ ነው ስምንተኛውን መርፌ የምፈልገው። 8 በ8 ነጥብ ውስጥ «ሀ» ይገባል፣ «ለ» ይገባል። «ጨ» ላይ ሦስት ማታ አምሽቻለሁ። አሁን ከሩቅ ሲያዩት «ጨ» ነው፤ ቀረብ ካሉት ጠረጴዛ ይመስላል።