የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መብረቅ በማን እጅ?

ክረምቱ ገብቶ ጣና ላይ ነጎድጓድ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መብረቅ ናቸው። ጥቂቶቹን መርጠን እነሆ።

ጥያቄ፦ የቴአትር ክበባችን ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ አጭር ተውኔት እያዘጋጀ ነው። የአማልክቱን ንጉሥ የዜውስን መብረቅ ከቆርቆሮ ቆርጬ በተሰባበረ መስመር ሠራሁት፤ መድረክ ላይ ሲታይ ግን ትራንስፎርመር ላይ የሚለጠፈውን ምልክት መሰለ። ጥንታውያኑ እንዴት ነበር የሚሥሉት? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ያ የተሰባበረ ቀስት የኤሌክትሪክ አደጋ ማስጠንቀቂያ ነው። የግሪክ ሸክላ ሠዓሊዎች ዜውስን የሚያስይዙት ሌላ ዕቃ ነው፦ መሀሉ ላይ እጀታ ያለው፣ ከእጀታው ግራና ቀኝ እንደ አበባ እምቡጥ የሚወጣ መሣሪያ። በየጫፉ ብዙ ጊዜ ሦስት ጣቶች አሉት። መካከለኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ወደ ውጭ ጎብጠው ጫፋቸው ላይ ወደ መካከለኛው ይመለሳሉ። አንዳንዴም ክንፍ ይጨመርበታል።

ለመድረክ 70 ሳንቲ ሜትር የቀርከሃ ዘንግ ይበቃል። መሀሉን 12 ሳንቲ ሜትር ለእጀታ ይተዉና በገመድ ይጠምጥሙት። በየጎኑ 29 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ ለጎን ጣቶቹ ግን የቀርከሃ ስንጥቁን 34 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ ትርፉ 5 ሳንቲ ሜትር ነው ጉብጠቱን የሚሰጠው። ስንጥቁን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ካልዘፈዘፉት ሲጎብጥ ይሰበራል። ጫፎቹን በቀጭን ሽቦ ይሰሩ፤ ሲደርቅ ወርቃማ ቀለም ይቀቡት።

የጎን ጣቶቹን ወደ ውጭ ከፍተው ከተዉአቸውና ዕቃው አንድ ጫፍ ብቻ ከኖረው የባሕሩ አምላክ የፖሲዶን ባለሦስት ጣት ጦር ይሆንብዎታል። ርዝመቱንም አያብዙት። አርጤሚስዮን ከተባለው የግሪክ የባሕር ዳርቻ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከውኃ የወጣ 2.09 ሜትር የሚሆን የነሐስ ሐውልት አቴንስ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የያዘው ነገር ስለጠፋ ዜውስ ነው፣ አይደለም ፖሲዶን ነው እየተባለ ሲያከራክር ኖሯል። ዜውስ የሚሉት ክርክራቸው እኛንም ያሳምነናል፦ ረጅም ጦር ቢሆን ኖሮ ዘንጉ የአምላኩን ፊት ያቋርጠው ነበር፤ አጭሩ መብረቅ ግን ፊት አይጋርድም። ተዋናይዎም እንደ ሐውልቱ መሀሉን ጨብጦ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ከትከሻው በላይ ይያዘው።

ተውኔቱ ስለ ሥልጣን ከሆነ አንድ ነገር አይለፍዎት፤ መብረቁን ዜውስ አልሠራውም። ከምድር በታች ታስረው የነበሩትን ባለአንድ ዓይን አንጥረኞች ብሮንቴስን፣ ስቴሮፔስንና አርጌስን ፈታቸው፤ እነሱም ለውለታው ሰጡት። የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል መጠኑን ሳይቀር ይዘረዝረዋል፦ ሦስት ጨረር በረዶ፣ ሦስት ጨረር ዝናም ያዘለ ደመና፣ ሦስት ጨረር ቀይ እሳት፣ ሦስት ጨረር የደቡብ ነፋስ፤ በላዩም ብልጭታ፣ ጩኸት፣ ፍርሃትና ቁጣ። የሕንዱ የነጎድጓድ አምላክ ኢንድራ የያዘው ቫጅራ የተባለው መሣሪያ የተሠራው ዳዲቺ ከተባለው ጠቢብ አጥንት ነው፤ በእሱም ውኃውን አግዶ የያዘውን ዘንዶ ቭሪትራን ገደለ። በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ የነጎድጓዱ አምላክ ቶር የያዘው፣ ድንኮች የሠሩት መዶሻ ደግሞ እጀታው አጭር ሆኖ የቀረው ወናፍ የሚነፋውን ድንክ ዝንብ ሆኖ የመጣው ተንኮለኛው ሎኪ ዓይኑ ላይ ስለነከሰው ነው። እንደሚያዩት ኃያል የተባለው ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ሥራ ተሸክሟል፤ አንጥረኞቹን ከመድረክ ባያስወጧቸው እንመክራለን።

ጥያቄ፦ ነገሥታት መብረቅን ለምን ዓርማ ያደርጉታል? አንበሳ አይበቃቸውም? (የታሪክ ተማሪ፣ ከፔዳ)

መልስ፦ ለእኛዎቹ በቅቷቸዋል። አንበሳ ግን የሚያስፈራው የቀረበውን ነው። መብረቅ ከሩቅ ይመታል፣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም፤ ገዢ የሚመኘው ይህንኑ ነው። ግብፅን የገዙት በጥሊሞሳውያን ሳንቲማቸው ላይ መብረቅ የረገጠ ንስር ቀርጸዋል፤ ከሮማ ጦር አሥራ ሁለተኛው ሌጌዎን በመብረቅ ይጠራ ነበር። ምልክቱን መያዝና ራሱን ነኝ ማለት ግን ይለያያሉ። ሰልሞኔዎስ የተባለው የአፈ ታሪክ ንጉሥ ከሠረገላው ኋላ የነሐስ ጋን እያስጎተተ ነጎድጓድ ነኝ፣ ችቦ እየወረወረ መብረቅ ነኝ ቢል፣ ዜውስ በእውነተኛው መታው፤ ከተማውም አብራ ጠፋች።

ጥያቄ፦ ዮሐንስን «ወልደ ነጎድጓድ» የምንለው ከእነዚህ አማልክት ጋር ይያያዛል? (የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ)

መልስ፦ አይያያዝም። ስሙን ለዮሐንስና ለወንድሙ ለያዕቆብ ያወጣው ጌታ ራሱ ነው (ማርቆስ 3፥17)። ሉቃስ 9፥54ን አብረው ያንብቡ፦ ሁለቱ ወንድማማቾች ባልተቀበሏቸው ሳምራውያን ላይ እሳት ከሰማይ እንዲወርድ ሲጠይቁ ተገሠጹ።

ጥያቄ፦ ጉልላት ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ቤተ ክርስቲያኑን ከመብረቅ ይጠብቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ እንቁላሉ ስለ ሌላ ጥበቃ ነው የሚናገረው። ሰጎን ዓይኗን ሳትነቅል እንቁላሏን እንደምትመለከት፣ እግዚአብሔርም ሕዝቡን እንዲሁ ይጠብቃል ነው ትርጓሜው። ቅርፊቱ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ አንድ መብረቅ ደግሞ 30,000 አምፒር ያህል ይዞ ይወርዳል። ይበልጥ የሚያሳስበው ከእንቁላሉ በታች ያለው ብረት ነው። ከፍ ብሎ የቆመ የብረት ጉልላት ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ከሌለው መብረቁ ከእሱ ወደ እንጨቱ ይዘላል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ምሰሶውን ይሰነጥቀዋል፤ ክዳኑ ሣር ከሆነም ይቀጣጠላል።

መከላከያው ሦስት ክፍል አለው። ከጉልላቱ በላይ የሚቆም ዘንግ፤ በሁለት ተቃራኒ ጎን የሚወርድ ከ50 ካሬ ሚሊ ሜትር የማያንስ የመዳብ ሽቦ፤ መሬት ውስጥ የሚቀበር 2.4 ሜትር ያህል ዘንግ። መሬቱ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ሲለካ ከ10 ኦም ባይበልጥ ጥሩ ነው። እዚህ አካባቢ የሚያስቸግረው ጥቁር ድንጋዩ ነው፤ ዘንጉ አልገባ ካለ ቆርጦ ማሳጠር ሳይሆን ቦይ ቆፍሮ ሽቦውን በአግድም፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ መቅበር ይሻላል። ሽቦው በየጠርዙ በቀጥታ ማዕዘን ከታጠፈ መብረቁ እዚያ ላይ ጥሎት ይዘላል፤ ስለዚህ በሰፊው ይጠምዘዝ። መዳብን ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ ካሰሩ መጋጠሚያው በጥቂት ክረምት ይበላል። የዘጌ ሥዕሎች ሸራ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸውና ሽቦው በውጭ በኩል ብቻ ይውረድ። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ከየክረምቱ በፊትም ሽቦው አለመቆረጡና አለመሰረቁ ይታይ።

ጥያቄ፦ ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል ይባላል። ታንኳ ላይ ሳለን ነጎድጓድ ቢመጣ ምን እናድርግ? (ዓሣ አጥማጅ)

መልስ፦ መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ነው የሚያገኘው። ሐይቅ መሀል ደንገል ታንኳ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ በዙሪያው ካለው ሁሉ ከፍ ያለ ነው። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከሰሙ አደጋው ደርሷል፤ ከዚያ በፊት ወደ ዳር መቅዘፍ ነበረብዎት። ካልደረሱ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ዘንጉን ያስተኙ፣ እጅዎን ከውኃ ያውጡ። ዳር ሲደርሱ ብቻውን የቆመ ዋርካ ሥር አይጠለሉ፤ ግንብ ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላም ወደ ውኃ አይመለሱ።

የተመታ ሰው ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም፤ ሳይፈሩ ይንኩት። ትንፋሹ ከቆመ ሰው ወደ ጤና ተቋም እየላኩ ደረቱን መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰምጥ ይጫኑት፤ ሲደክምዎ ሌላው ይተካዎት።