ሊፍቱ ሲወዛወዝ ጉልበቴ ይከዳኛል፦ ከፍታ ላይ ስለመሥራት ጥያቄና መልስ

ሠራተኛን ከነቅርጫቱ ከፍ በሚያደርጉ ማሽኖች፣ በሲዘር (በመቀስ መሳይ ክንዶች ቀጥ ብሎ በሚነሳው) እና በቡም (ረጅም ክንድ ባለው) ሊፍት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን አዳዲስ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲዘር ሊፍት ላይ 8 ሜትር ስደርስ መወዛወዝ ይጀምራል። ጉልበቴ ይከዳኛል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ፈሪ?

ሁለቱም ላይሆን ይችላል። የመቀሱ ክንዶች የተያያዙት በፒን ነው። በየፒኑ ትንሽ ክፍተት አለ። ያቺ ትንሽ ክፍተት እየተደመረች ሄዳ ላይ ስትደርስ ትታወቃለች። መጠነኛ መወዛወዝ ያለ ነገር ነው። የትናንቱ ዓይነት ካልሆነ፣ ወይ ብረት ሲንኳኳ ከሰማህ ግን ውረድ፤ ቁልፉን ንቀልና አስመርምር።

ስለ ጉልበትህ፦ ሰውነት ሚዛኑን ከሚጠብቅባቸው ነገሮች አንዱ ዓይን ነው። በቅርብ የሚያርፍበት ነገር ሲያጣ ይዋልላል። ስለዚህ የምትሠራበትን ግድግዳ ወይም የቅርጫቱን ብረት እይ። ደመና አትመልከት። ደመናው ሲሄድ ሕንፃው አንተ ላይ የሚወድቅ ይመስልሃል።

አዲስ ሰው ሳሠለጥን መጀመሪያ ከ2 ሜትር በላይ አላስወጣውም። ጆይስቲኩን (የመቆጣጠሪያ ዘንጉን) ራሱ ይዞ ይወጣል፣ ራሱ ይወርዳል። ደጋግሞ። ሌላ ሰው ሲያወጣህ የሚሰማህ ፍርሃትና ራስህ ስትወጣ የሚሰማህ አንድ አይደለም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔን የሚያሳስበኝ የሚፈራው ልጅ አይደለም። የሚያስፈራው መወዛወዝ ብዙ ጊዜ አይገለብጥም፤ የሚገለብጠው ደግሞ አስቀድሞ አይሰማም።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚገፋ ባለ አንድ ምሰሶ ሊፍት አለን። ለ5 ደቂቃ ሥራ እግሮቹን መዘርጋት ግድ ነው?

ግድ ነው። የዚህ ማሽን መሠረት ጠባብ ነው፤ ሚዛኑን የሚይዙለት እግሮቹ ናቸው። ብዙዎቹ ማሽኖች እግሮቹ በደንብ ካልተተከሉ ምሰሶው እንዳይነሳ የሚያደርግ መቆለፊያ አላቸው። መቆለፊያውን በሽቦ አስሮ የሚሸውድ ሰው አይቻለሁ፤ ራሱን ነው የሚሸውደው። ከመውጣትህ በፊት የውሃ ልኩን እይ፣ አረፋዋ መሐል ትሁን። የቱቦ ክዳን ላይ ወይም አዲስ የተሞላ አፈር ላይ አትትከል።

ጥያቄ፦ ሴፍቲ ቤልት የግድ ነው? አንዱ አዎ ይለኛል፣ አንዱ አያስፈልግም።

ስለተለያየ ማሽን እያወሩ ይሆናል። ቡም ሊፍት ላይ ሁልጊዜ እሰሪ። ጎማው ታች ትንሽ ጉድጓድ ቢገባ እንኳ ክንዱ ረጅም ስለሆነ ቅርጫቱ እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥርሻል። ሲዘር ላይ ዋናው መከላከያ ዙሪያውን ያለው የብረት አጥር ነው። ቤልት መጨመሩን የሚወስነው የማሽኑ ማኑዋልና የሥራ ቦታው ደንብ ነው።

ካሰርሽ ገመዱ አጭር ይሁን፤ ከአጥሩ እንዳያሳልፍሽ። የመውደቅን ምት የሚያበርደው ረጅሙ ገመድ ሲወድቁ ይለጠጣል። በዝቅተኛ ከፍታ ሳይዝሽ መሬት ትደርሻለሽ። የምታስሪውም በማሽኑ ማሰሪያ ላይ እንጂ በሕንፃው ምሰሶ ላይ አይደለም። ሊፍቱ ሲወርድ አንቺ ተንጠልጥለሽ ትቀሪያለሽ።

ጥያቄ፦ ነፋሱ ስንት ሲደርስ ነው ሥራ የምናቆመው?

ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ውጭ ለሚሠሩት የተለመደው ጣሪያ በሰከንድ 12.5 ሜትር ነው፤ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠራው ማሽን ግን የነፋስ ልኩ ዜሮ ነው፤ ነፋሱ ለስላሳም ቢሆን ውጭ አይወጣም። ታች ጸጥ ቢልም ላይ ነፋሱ ይበረታል። ቆርቆሮ ወይም ኮምፖርሳቶ ይዘህ ከወጣህ ደግሞ ሸራ ተሸክመህ እንደወጣህ ቁጠረው።

ጥያቄ፦ 230 ኪሎ የሚሸከም ማሽን ነው። ሁለታችን ከነዕቃችን 200 አንሞላም። ታዲያ ግድግዳ ስንበሳ ለምን ተው ይሉናል?

ክብደት ወደ ታች ነው፤ ድሪል ግን ወደ ጎን ይገፋል። ለጎን ግፊት የተለየ ልክ አለ፣ እሱም ሰሌዳው ላይ በኒውተን ተጽፏል። 400 ኒውተን ካለ፣ 40 ኪሎ ገደማ የሆነ ግፊት ነው። የተቀረቀረ ገመድ በሙሉ ኃይል ስትጎትቱ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። መብሳቱ ሳይሆን ከልክ በላይ መግፋቱ ነው ነገሩ።

ጥያቄ፦ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲቀረኝ የአጥሩን መሐል ብረት ብረግጥስ?

አይሆንም። መሰላልም አይሆንም። ከፍ ያለ ማሽን አምጣ።

ጥያቄ፦ ላይ ሆኜ ማሽኑ ቀጥ ቢልስ?

ደርሶብኛል። 9 ሜትር ላይ ባትሪው ሞተ። ታች የነበረው ልጅ ምሳ ሄዷል። ሲመለስ ደግሞ የድንገተኛ ማውረጃው የት እንዳለ አያውቅም። እኔ ከላይ እየጮህኩ፣ እሱ ማሽኑን እየዞረ። መጨረሻ ላይ አገኘው፤ ሳበው፤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ማውረጃው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ግርጌ ላይ ያለ እጀታ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሊፍቱን ትንሽ ከፍ አደርግና ታች የሚቆመውን ሰው «አውርደው» እለዋለሁ። ካላወረደው ሥራ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ የምትፈራው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የመብራት ሽቦ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ እስከ 50 ሺህ ቮልት ድረስ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ርቀቱም ይጨምራል። ተራ ሊፍት ደግሞ ኤሌክትሪክ አይከላከልም።

ሁለተኛው መጨፍለቅ ነው። ወደ ታች እያየህ ስትወጣ ጀርባህን የጣሪያ ብረት ይይዝሃል። ጆይስቲኩ ላይ ትደፋለህ። በደረትህ ስትጫነው ማሽኑ እንደታዘዘ ቆጥሮ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ብረት አጠገብ ስደርስ የፍጥነት ማብሪያውን ከጥንቸሏ ምልክት ወደ ኤሊዋ አዞራለሁ፤ ዓይኔንም ወደ ላይ አደርጋለሁ።