የአጎቴ ፊት ልቦለዴ ውስጥ ገባብኝ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልቦለዴን እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ ወንድሙን ክዶ የአባታቸውን ቤት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን የሚታየኝ የአጎቴ ፊት ነው። ሲያወራ የእጅ ሰዓቱን የሚያጠነጥንበት ነገር ሁሉ ሳይቀር! አጎቴ ደግሞ ዝንብ የማይነካ ሰው ነው። ደራሲዎች የሚያውቁትን ሰው እያሰቡ ነው የሚጽፉት? አጎቴስ ቢያነበው ይቀየመኛል?
ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ሰ.፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ ልበልህ። አዎ፣ ሰው እያሰብን ነው የምንጽፈው። ጣጣው የሚመጣው ሰውዬውን ከነነፍሱ ስንወስደው ነው።

አንድ ልቦለዴ ውስጥ የዕቁብ ገንዘብ ይዛ የምትጠፋ ሴት አለች። ስጽፋት የማየው ቅመም የሚቸረችሩ ጎረቤቴን ነበር። ብር ሲቆጥሩ አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ ያደርጋሉ። መሀል ላይ ሰው ካናገራቸው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ይህን በጣም ወደድኩት። ሴትዮዋ ግን ዕቁቡን ሰብስባ፣ ሻንጣዋን ሸክፋ በሩ ጋ ስትደርስ እምቢ አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ቆመች። ለካ ጎረቤቴ ሁለት ብር ተርፎኛል ብለው በማታ በር የሚያንኳኩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ፊት እንዴት ልስረቅ? ነገ ቡና ይጠሩኛል እኮ!

አንድ ቀን ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ በመስኮት ታያለች። ረዳቱ መልስ ሲሰጣት ሳትቆጥር ጨበጠችው። የሷን ፊት ለሌባዬ ሰጠኋት፣ የጎረቤቴን አውራ ጣት ተውኩላት። በዚያው ሳምንት በሩን ከፍታ ወጣች።

ስለዚህ ፊቱን ከማታውቀው ሰው ተዋስ። የማታውቀው ሰው ምንም ሊያደርግ ይችላል።

ወደ ቅያሜው ልምጣ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ከርሞ ያየውን ይዞ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። አንባቢው ይሄ እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው እያለ ባለሥልጣናቱን ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አጎትህ ደርግ አይደለም፣ አትደንግጥ።

ለአንተ የሚቀርበው የእንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ ነገር ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. «ዴቪድ ኮፐርፊልድ»ን በየወሩ በክፍል በክፍል ያሳትም ነበር። ቁመቷ በጣም አጭር የሆነች ጎረቤቱ ልቦለዱ ውስጥ እንደሷ አጭር የሆነች ገጸ ባሕሪ ስታይ ራሷን አወቀች፤ በደብዳቤም ወቀሰችው። ዲክንስ አፈረ። ገና ያልታተመውን ክፍል ለወጠና ገጸ ባሕሪዋን ደግ አደረጋት። ጥፋቱ፣ በእኔ ዓይን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃትን ምልክት መውሰዱ ነው። አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ ነካ የሚያደርግ ሰው ግን በየሱቁ ሞልቷል። ጎረቤቴ እንኳ ልጃቸው ስታነብላቸው «እቺ ሌባ!» ብለው ሴትዮዋን ረገሟት እንጂ ራሳቸውን አላዩም።

ሰፈራችሁ ውስጥ እያወራ ሰዓት የሚያጠነጥነው አጎትህ ብቻ ከሆነ፣ ለነጋዴህ መቁጠሪያ አስይዘው። ጣቱ እንደሆነ ያው መንቀሳቀሱ አይቀርም።