በነቢያት ጾም ሥጋ የሚቀቀልበት ቤት

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎ። የምኖረው ቦስተን ነው። ባለቤቴ የሃይቲ ሰው ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችን፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። የኔ ጣጣ ጃንዋሪ 1 ሲመጣ ነው።

ያ ቀን የነጻነት በዓላቸው ነው። ሱፕ ዡሙ የሚሉት የዱባ ሾርባ ይሠራል። ሾርባ ስልዎ ቀላል እንዳይመስልዎ። የበሬው ሥጋ ከዋዜማው በሎሚ ታጥቦ፣ በቅመም ታሽቶ ያድራል። ዱባው ተቀቅሎ ይፈጫል። ጥቅል ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ድንቹ፣ መኮሮኒው፣ ያ እሳት የሆነ ክብ ቃሪያቸው፣ ሁሉም ይገባበታል። አማቴ ከነትልቅ ድስቷ ከዋዜማው ትመጣለች። ሌሊቱን ኮምፓ የሚሉት ዘፈናቸው ይከፈታል። አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ሲነጋ ደግሞ ዘመዱም ጎረቤቱም ይግተለተላል። ስሙን የማላውቀው ሰው ሁሉ ሳሎኔ ተቀምጦ ይበላል፣ ቋጥሮም ይሄዳል።

እኔ ጾም ላይ ነኝ። ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ቤቴ መጋረጃው ሳይቀር ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ባለቤቴ ለኔ ያለ ሥጋ በትንሽ ድስት ለብቻ ይሠራልኛል፣ እሱን አልክድም። ግን ጾም የምግብ ነገር ብቻ ነው እንዴ? በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱ ይከራከረኛል።

ዘንድሮ ደግሞ እናቴ ገናን ከእኛ ጋር ልትውል ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ለሠርጋችን ቪዛ ስለከለከሏት ባለቤቴን በስልክ ብቻ ነው የምታውቀው። እናቴ የአርበኛ ልጅ ናት። ኩሩ ናት፣ የሰው አገርና ዘር ጠያቂ ናት። ሃይቲ ሲባል የሚታያት በዜና ያየችው የመሬት መንቀጥቀጥና ሽፍታ ነው፣ ካልሆነም ጥንቆላ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አማቴ ክሯ ደ ቡኬ ከሚባል የሃይቲ ከተማ ያመጣችው፣ ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ የሆነ የብረት ሥራ ነበር። አውርጄ ምድር ቤት አስገብቼዋለሁ። እናቴ ብታየው ጠበል ነው የምትረጭበት።

ባለቤቴንም «ዘንድሮ ሾርባው እናትህ ቤት ይሁን» አልኩት። አልተከራከረኝም። «እሺ» ብሎ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ደግሞ እኔን ይከፋኛል።

ልጄም ብትሆን ለነሱ ነገር ብዙም ግድ የላትም። ባለፈው ግንቦት ለባንዲራ ቀናቸው ሊወስዳት ሲል «አልሄድም» አለችው፣ ብቻውን ሄደ። ልጅ አይደለች፣ ምን ይደረግ። ሃይቲዎች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ የሚለው የኦሃዮ ወሬ በተነዛ ሰሞን ትምህርት ቤት አሹፈውባት እያለቀሰች መጥታ ነበር። እኔም ነገሩ ቶሎ እንዲበርድ «አባቴ ፈረንሳዊ ነው በያቸው» አልኳት። ፈረንሳይኛ ይችላል፣ ማን ያጣራል? ለእናቴም ገና ሳንጋባ እንደዚያው ነው የነገርኳት። ነገር እንዳይበዛ ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።

አሁን የጨነቀኝ፣ እናቴ እስክትመለስ ልጄ አፏ እንዳያመልጣት ምን ብዬ ላስጠናት?

ከቦስተን

*

እህቴ፣

ስለ ሽታው መስኮት ክፈቺ። ለብቻሽ በትንሽ ድስት የሚያበስልልሽ ባል ይዘሽ ጾሜ ተደፈረ አትበይኝ፣ ብዙ ጿሚ ሴት እንደዚህ ያለ ባል አላገኘችም።

ከዓለም አገር ሁሉ መርጠሽ መርጠሽ ፈረንሳይ? አያትሽን ጣሊያን ነበሩ ብሎ እንደማስተዋወቅ ነው። የባልሽ አያት ቅድመ አያቶች በፈረንሳዮች የሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት የተገዙ ሰዎች ናቸው። ተነሥተው የናፖሊዮንን ጦር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1803 ቬርቲዬር ላይ ድል አደረጉት። ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 መሪያቸው ዴሳሊን ጎናይቭ ከተማ ላይ ነጻነታቸውን አወጀ። ፈረንሳይ ይህን አልረሳችላቸውም። በ1825 የጦር መርከብ ልካ ባሪያዎቻቸውን ላጡ ጌቶች ካሳ የሚሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለቻቸው። ኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ እሱን ለመክፈል የተበደሩት ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። ነጻ ስለወጡ የተቀጡ ሰዎች ናቸው። አንቺ ደግሞ በአንድ ቃል መልሰሽ ለፈረንሳይ አስረከብሻቸው።

ሾርባውም ከዚያው የመጣ ነው። ባሪያዎቹ ለጌቶቻቸው ያበስሉታል፣ ራሳቸው ግን እንዲቀምሱት አይፈቀድም ነበር ይላሉ ሃይቲዎች። ነጻ በወጡበት ቀን እነሱ በሉት። በ2021 ዩኔስኮ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዘገበው። እና ያ ስሙን የማታውቂው ሰው ቤትሽ የሚመጣው ርቦት አይደለም። በዚያ ቀን ሾርባውን ብቻውን የሚበላ ሃይቲ የለም፣ ካለም ያሳዝናል።

ስለ ልጅቷ ልምጣ። እያለቀሰች ስትገባ አፍሽ ላይ የመጣውን መናገርሽን አልፈርድብሽም። እኔም ልጅ አሳድጌአለሁ፣ እናት የዚያን ሰዓት አታስብም። ያን ቀን ማታ ግን አባቷን አስቀምጠሽ የሆነውን ልትነግሪው ይገባ ነበር። አልነገርሽውም። የልጆቹ ሹፈት ያልፋል፣ ያንቺ ምክር ግን ልጅቷ ጋ ቀርቷል። በግንቦትም «አልሄድም» አለች፣ አንቺም ልጅ አይደለች ብለሽ አለፍሽው።

እስቲ አስቢው። ያ ቀን ሜይ 18፣ በኛ ግንቦት 10 ነው። በ1803 አርካሄ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ነጩን ቀድደው ጥለው፣ ሰማያዊና ቀዩን ሰፍተው የራሳቸው ያደረጉበት መታሰቢያ ነው። የሰፋችው ካትሪን ፍሎን የምትባል ሴት ናት ይላሉ። ልጅሽ ታዲያ አባቷ «ፈረንሳዊ» ከሆነ እዚያ ሄዳ ምን ታደርጋለች? ግድ አጥታ አይደለም። አንቺን እየታዘዘች ነው።

አማትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሃይቲዎችን በጅምላ ለኤድስ ተጋላጭ ብለው መዝግበዋቸው ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ይደበደቡ ነበር፣ ብዙዎቹ የሌላ አገር ሰው ነን እያሉ ያደጉት ያኔ ነው። በ1990 ደግሞ ደም እንዳይለግሱ ተከለከሉ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል 20 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሃይቲዎች የብሩክሊንን ድልድይ ሞልተው በሰልፍ ተሻገሩ፣ ክልከላውም ዓመቱ ሳያልቅ ተነሣ። አማትሽ ያን ጊዜ የት እንደነበረች፣ ልጆቿን ምን ትላቸው እንደነበር ትንገርሽ። በዚያ ዘመን ልጆቹን አገራቸውን ያስካዳቸው የሰፈር ጉልቤ ነበር። ያንቺን ልጅ ያስካድሻት አንቺ ነሽ። ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ባልሽም ሰምቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን የሚያህል ነገር ከአባቷ ደብቃ አትዘልቅም። በየዓመቱ ለሾርባው ሲከራከር የኖረ ሰው ዘንድሮ «እሺ» ካለ ተስማምቶ እንዳይመስልሽ። እኔን ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

የብረቱንም ነገር ልንገርሽ፣ አልደብቅሽም። ያች የባሕር ሴት ላ ሲሬን ትባላለች፣ ከቮዱ እምነታቸው የመጣች ናት። እጀ ወርቆቹ ግን አሮጌ የዘይት በርሜል ሰንጥቀው፣ ጠፍጥፈው፣ በመዶሻና በመሮ ነው የሚያወጧት። ይህን ጥበብ ያስጀመረው ዦርዥ ሊዮቶ የክሯ ደ ቡኬ ቀጥቃጭ ነበር፣ ለመቃብር የሚሆን የብረት መስቀል የሚሠራ። እኛ ደግሞ ቀጥቃጭን ቡዳ ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ማረሻችንንም መስቀላችንንም እየሠሩልን ሰደብናቸው። ስለዚህ ሌላ ሰው የሠራውን ብረት ስናይ ለጠበል ባንቸኩል ይሻላል። እናትሽ ካልወደዷት አይወደዷት፣ አንቺ ግን ወደ ቦታዋ መልሺያት። ግድግዳው የባልሽም ነው።

እናትሽን ደግሞ ንቀሻቸዋል። የአርበኛ ልጅ ናቸው አልሽኝ። አያትሽ ዱር በገቡበት ዘመን መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ 1935፣ ጣሊያን ሲወርረን ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ስለኛ የተናገረውን ሰው ታውቂዋለሽ? ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር የሃይቲ ተወካይ ነበር። ትልቁም ትንሹም አገር አንድ ቀን የአንዱ ጉልበተኛ ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ ብሎ ነበር ያስጠነቀቃቸው። ከሱ በፊት፣ ከዓድዋ ማግሥት፣ ቤኒቶ ሲልቫን የሚባል ሃይቲ ባሕር ተሻግሮ ምኒልክ ዘንድ አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። ጃንሆይም በፈረንጆቹ 1966 በኤፕሪል ወር የሃይቲ ዋና ከተማ ፖርቶ ፕራንስ ሄደዋል። እናትሽ ዕድሜያቸው ከፈቀደ ያን በሬዲዮ ሰምተውት ይሆናል። ይህን ሁሉ ይዘሽ ልታፍሪ የተነሣሽው ምኑን ነው?

ልጅቷን ምንም አታስጠኛትም። አባቷ ባለበት አስቀምጠሻት «ያን ቀን ያልኩሽ ልክ አልነበረም፣ አባትሽ የሃይቲ ሰው ነው» ትያታለሽ። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ፣ የሚጨምረው እሱ ነው። ሾርባው እቤትሽ ይሠራል። ለእናትሽ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ትደውያለሽ። እዚህ ከደረሱ በኋላ ሰው ፊት እንዲሰሙት አታድርጊ፣ ለሳቸውም ክብር አይደለም። ይቆጣሉ። ስለዋሸሻቸው ከተቆጡ ልክ ናቸው፣ ዝቅ ብለሽ ይቅርታ ጠይቂ። ስለ አገሩ ከተቆጡ ግን አንቺ መልሺላቸው፣ ባልሽን መልስ እንዲሰጥ አታድርጊው።