ስለ ሪቻርድ ሁከር፦ ጥያቄና መልስ

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁከር ማን ነበር?

መልስ፦ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስና የነገረ መለኮት ሊቅ ነበር። በ1554 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኤክሰተር ከተማ አጠገብ ተወለደ። በሳልዝበሪው ጳጳስ በጆን ጁወል ድጋፍ ኦክስፎርድ በሚገኘው ኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ተምሮ፣ በኋላ እዚያው ዕብራይስጥ አስተማረ።

ጥያቄ፦ ከዋልተር ትራቨርስ ጋር ያጋጨው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁከር በ1585 የለንደን የሕግ ባለሙያዎች በሚገለገሉበት በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኖ ተሾመ። ለዚሁ ሹመት ታጭቶ የነበረው ትራቨርስ የከሰዓት በኋላ ሰባኪ ስለነበር፣ ሁከር ጠዋት ያስተማረውን እርሱ ከሰዓት በዚያው መድረክ ይነቅፍ ነበር። ክርክሩ የጋለው ሁከር በሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሳያውቁ የኖሩ አባቶቻችን በእግዚአብሔር ምሕረት ሊድኑ ይችላሉ ብሎ በማስተማሩ ነው። በ1586 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊትጊፍት ትራቨርስን ከመስበክ አገደው። በእኔ እምነት የሁከር ታላቅነት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው፤ ባላጋራው በሥልጣን ዝም ቢሰኝም፣ ጥያቄው በማስረጃ እስኪመለስ ድረስ እንዳልተመለሰ ቆጥሮ ለዓመታት ጻፈ።

ጥያቄ፦ ምን ብሎ መለሰ?

መልስ፦ ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ሕግጋት የጻፈው ሥራ የመጀመሪያዎቹ አራት መጻሕፍት በ1593፣ አምስተኛው በ1597 ታተሙ። እንደ ትራቨርስ ያሉ ፒዩሪታኖች፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይበልጥ እንድትታደስ የሚሹ ፕሮቴስታንቶች፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ያልታዘዘ ሥርዓት ሁሉ ይወገድ ይሉ ነበር። ሁከር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ለመዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደያዘ አጥብቆ እያስተማረ፣ ያው እግዚአብሔር ለሰው አእምሮን ስለሰጠ፣ እንደ አለባበስና እንደ ሥርዓተ አምልኮ ያሉ ነገሮችን ቤተ ክርስቲያን በማስተዋል ልትወስን፣ ጊዜ ሲለወጥም ልትለውጥ ትችላለች አለ። ፈላስፋው ጆን ሎክ ስለ መንግሥት ሲጽፍ ደጋግሞ የጠቀሰው ይህንኑ ሁከር ነው።

ጥያቄ፦ ሚስቱ ታንገላታው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬውን ያሰራጨው አይዛክ ዋልተን በ1665 የጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ፣ ሁከር በድሬይተን ቦቻም ሰበካ ሳለ የቀድሞ ተማሪዎቹ ሊጠይቁት ሲመጡ፣ ሚስቱ ሕፃን እንዲያወዛውዝ ጠራችው ይባላል። ነገር ግን ሁከር ያንን ሰበካ በ1585 ለቆ፣ ጆን ቸርችማን የተባለ ባለጸጋ የለንደን ነጋዴን ልጅ ጆአንን ያገባው በ1588 ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ሚስትም ሕፃንም አልነበሩም። ይህች ሴት ያለ በቂ ማስረጃ ለዘመናት መሰደቧ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ሥራውን ሳይጨርስ ሞተ?

መልስ፦ በካንተርበሪ አቅራቢያ በቢሾፕስቦርን እያገለገለ በኅዳር 1600 አረፈ። ስድስተኛውና ስምንተኛው መጻሕፍት በ1648፣ ሰባተኛው በ1662 ታተሙ። እርሱ ራሱ ለኅትመት ስላላበቃቸው፣ እንደ መጀመሪያዎቹ አምስት መጻሕፍት የተጠናቀቁ አድርጎ ማንበብ አይገባም።