ፓምፑ ነው ወይስ ሌላ? የአሮጌ መኪና የነዳጅ ጣጣ፦ ጥያቄና መልስ

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና አስታመን መንዳት ግድ ሆኗል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች መሐል አዲስ አበባ ከሚነዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። መላሹ እኔ ነኝ፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክና ነዳጅ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ተፈትተው ሲጣሉ ካየኋቸው ፓምፖች ብዙዎቹ ጥፋት አልነበረባቸውም። ስለዚህ «ፓምፕ ልግዛ?» ለሚለኝ ሁሉ የመጀመሪያ መልሴ «ለካህ?» ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ዲኤክስ (አሮጌዋ ኮሮላ) ናት፣ ባለ ካርቡሬተር። ጠዋት ችግር የለባትም። ቀን ፀሐይ ሲከር፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን ስወጣ፣ መንገዱ ከተጨናነቀ ታስልና ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ትነሳለች። መካኒኬ «ፓምፕ ቀይር» አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ስትቆምብህ ጥግ ያዝና ኮፈኑን ክፈት። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሳ። ሞተሩ እንደጠፋ ካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ እያየህ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅህ ገፋ አድርግ። ቀጭን ቤንዚን ፊጭ ካለ ነዳጁ ደርሷል፤ ፓምፑን ተወውና ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን ኮይል ጠርጥር። ኮይልም ሲሞቅ ይከዳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ስንቱ ሰው በኮይል ጥፋት ፓምፕ ገዝቷል መሰለህ!

ምንም ካልፈሰሰ፣ ደረቅ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሂድና የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ክፈት። «ፉሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ ክዳኑ ነው፤ ማስተንፈሻው ተደፍኗል። ካልሳበ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጣል አድርግ። ትንሽ ቆይታ ከተነሳች ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ወደ ትነት ተለውጦ ነው። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም።

ይሄ እኛ ከተማ ላይ የሚበረታበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ውሃ እንኳ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቤንዚን ደግሞ ከውሃ በጣም ቀድሞ ይተናል። በዚያ ላይ ያንተ ፓምፕ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ከኋላ ካለው ሰልባትዮ ነዳጅ የሚስብ ነው። ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት የበለጠ ይወርዳል። ሽቅብ፣ ሰልፍ፣ ፀሐይ፣ ንፋስ የለም። ያኔ ቀጥ ብትል ምን ይገርማል?

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ እንደሆነ አርቀው። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ሙቀት የሚከላከል ወፍራም መለያ መኖሩን እይ። አንዳንዴ ፓምፕ ሲፈታ ይጣልና በቀጭን ጋስኬት ይተካል። ከተጣለ ልኩን ፈልገህ መልስ። ሁለት ሦስት ደርበህ ግን አታወፍረው፤ የፓምፑ ክንድ መድረስ ያቅተውና ነዳጅ መግፋቱን ያቆማል።

ያው ጠያቂ፦ ክዳኑን ስከፍተው ፉሽ አለ! ተነሳችም!

መልስ፦ በል እንግዲህ፣ የፓምፑን ብር ለልጆችህ ጫማ አድርገው። ክዳኑን አጽዳ፣ ካልሆነ ማስተንፈሻ ያለው ክዳን ግዛ። ክዳን ጠፍቶባችሁ በፌስታል ወትፋችሁ የምትነዱም አላችሁ፤ ይሄ እናንተንም ይመለከታል።

ጥያቄ፦ የኔ ኮሮላ ባለ ኢንጀክተር ናት፣ የ90ዎቹ ሥሪት በፈረንጅ አቆጣጠር። ቪዲዮ ላይ ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ «ዝዝዝ» ሲል አያለሁ። የኔ ምንም አይልም። ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፍ ስለተከፈተ ብቻ ፓምፑ አይሠራም። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲያዞርና ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው ሪሌው፣ ማለትም መስመሩን የሚያገናኝና የሚቆርጠው ማብሪያ፣ ኤሌክትሪክ የሚለቅለት። ስለዚህ ዝምታው ምንም አይነግርህም።

ኮፈኑ ሥር ትንሽ የመመርመሪያ ሳጥን አለች። ክዳኗ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። «ቢ ፕላስ» እና «ኤፍ ፒ» የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝና ቁልፉን ክፈት። አደራ፣ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ እንዳትሰካ። አሁን ፓምፑ ቀጥታ ኤሌክትሪክ አገኘ። ድምፅ ካለ፣ መኪናውም ሽቦው እንዳለ ተነስቶ ሽቦው ሲነቀል የማይነሳ ከሆነ፣ ጥፋቱ ሪሌው ወይም ሪሌውን የሚያዘው መስመር ጋ ነው። ድምፅ ከሌለ ገና ፓምፑን አትክሰስ። የኋላ መቀመጫውን አንሳና ሶኬቱ ላይ በቴስተር ለካ። ፓምፑ እንደተሰካ ነው የሚለካው። ነቅለህ ከለካህ የተበላ ሽቦም 12 ቮልት ያሳይሃል፤ ጭነት ሲመጣበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ከባትሪው ጋር ከአንድ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ሽቦውን፣ ሶኬቱን፣ በተለይ ደግሞ የቦዲ ማሰሪያውን (የኔጌቲቩን መስመር) ተከተል። ሙሉ ኤሌክትሪክ ደርሶት ዝም ካለ፣ እሺ፣ አሁን ፓምፕ ግዛ።

ጥያቄ፦ ፓምፑ ይሠራል፣ መኪናው ግን ጉልበት የለውም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ደህና ነው። ነዳጅ ስሰጠው ይታነቃል።

መልስ፦ መሥራት ሌላ፣ ግፊት መስጠት ሌላ። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ ያለው ጋራዥ ሂድ። በነዚህ የ90ዎቹ ኮሮላዎች፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው የቫኪዩም ቱቦ ተነቅላ ከ2.7 እስከ 3 ባር መሆን አለበት። ስትሰካ በግማሽ ባር አካባቢ ይወርዳል። ተነቅላ ከ2.7 ካነሰ መካኒኩ የመመለሻ ቱቦውን ለአፍታ ቀስ አድርጎ ይቆንጥጠው። ግፊቱ ሽቅብ ከወጣ ፓምፑ ደህና ነው፤ ነዳጁን የሚያፈሰው መቆጣጠሪያው ነው። ካልወጣ ፊልትሮ፣ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ወንፊት ወይም ፓምፑ። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም ዋጋቸውም በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

የነቀላችኋትን የቫኪዩም ቱቦ ደግሞ አሽትቱ። ውስጧ ቤንዚን ካለ መቆጣጠሪያው ተቀዷል። ጥቁር ጭስና የነዳጅ ብክነት የሚያመጣው አንዱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ብዙ ካዞርኩት በኋላ ነው የሚነሳው። ቀን ላይ ግን ወዲያው።

መልስ፦ ሌሊቱን ግፊቱ እየወረደ ነው። ጌጁ እንደተገጠመ ሞተሩን አጥፍተህ 5 ደቂቃ ጠብቅ። በእነዚያ የ90ዎቹ ኮሮላዎች ቢያንስ 1.5 ባር መቆየት አለበት። ከወረደ ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለችው መመለሻ የምትዘጋ ቫልቭ፣ ወይ መቆጣጠሪያው፣ ወይ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ነው። ቫልቯ ከሆነች ትንሽ ታግሰህ መንዳት ትችላለህ። ኢንጀክተር ከሆነ ግን አትታገስ፤ ቤንዚኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ላዳ ነው ያለኝ። የዘይት መለኪያዋን ሳወጣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል። የዘይቱም መጠን ጨምሯል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አያስነሷት። የፓምፑ ሜምብራን ተቀዶ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ እየወረደ ነው። ዘይቱ ቀጥኖ ኩሽኔታ ይበላል፣ እሳትም ያሰጋል። ፓምፑንም ዘይቱንም አብረው ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ቪትስ ነው የምነዳው። ከሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ገበያው፣ ፓምፕ ገዛሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ማልቀስ ጀመረ። ፎርጅድ ነው የሚሸጡልኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎርጅድም ሊሆን ይችላል። ግን ልጠይቅሽ፤ የነዳጁ መብራት በርቶ ስንት ቀን ትነጂያለሽ? ዋጋው ሲጨምር ሁላችንም ጥቂት ጥቂት መቅዳት ለምደናል። ፓምፑ ግን የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። ሰልባትዮው ባዶ ሲሆን በራሱ ሙቀት ይጠበሳል። ከሩብ በታች አታውርጂው። ሁለተኛው ነገር ቆሻሻ ነው። ፓምፑ ሲቀየር ሰልባትዮው ካልታጠበ፣ አዲሱም ያንኑ ጭቃ ነው የሚስበው። ወንፊቱን አስወጪና እዪው፤ ጥቁር ወይም ዝገት የለበሰ ከሆነ ምክንያቱን አገኘሽ። ሦስተኛ፣ ሶኬቱ ቀልጦ እንደሆነ ይታይልሽ። የቀለጠ ሶኬት ላይ የተሰካ አዲስ ፓምፕ ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ፦ ሰልባትዮውን ከሥር በእግሬ መታ ሳደርገው ይነሳል። 😂

መልስ፦ አትሳቅ፣ ይሄ እውነተኛ ምርመራ ነው! ለፓምፑ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል፤ ስትመታው ለጊዜው ይነካካል። ቤት ያደርስሃል፣ ነገ ግን እንዲያደርስህ አትጠብቅ። የኤሌክትሪክ ፓምፕን ያለ ጌጅም ያለ ቴስተርም «ግዛ» ብዬ የምፈርደው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት ይንገጫገጫል። ነዳጅ ጠፍቶ በጀሪካን የገዛሁ ሰሞን ነው የጀመረው።

መልስ፦ ከመስመሩ ትንሽ ቤንዚን ጥርት ባለ የመስታወት ጠርሙስ ቅዳና ሳትነካው አስቀምጥ። ውሃ ካለው ከታች ይተኛል፣ መሐሉ ላይ መስመር ታያለህ። ከታየህ ሰልባትዮውን አውርደህ ማጽዳት እንጂ ሌላ መላ የለውም። የናፍጣ ሚኒባስ ያላችሁ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ውሃ መልቀቂያ እያላላችሁ አፍስሱ።

ጥያቄ፦ በሜካኒካሉ ፋንታ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካርቡሬተር ላይ ባስገባስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ለዚያ የትነት ችግርም ይረዳል። ነገር ግን የኢንጀክተር መኪና ፓምፕ እንዳታስገባ። ካርቡሬተር ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ አይችለውም፣ ቤንዚን ሞተሩ ላይ ይፈስሳል። ፓምፑን ከኋላ፣ ከሰልባትዮው አጠገብ ዝቅ አድርገህ እሰረው። ሞተሩ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ሪሌም ይኑረው። አለበለዚያ ግጭት ቢደርስ ቤንዚን መግፋቱን አያቆምም።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ሲቆም ረዳቱ በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ሲያፈስ ሌላው ያስነሳል። ችግር አለው?

መልስ፦ ኧረ በፈጣሪ! ሞተሩ ወደ ላይ አንዴ ቢያስነጥስ ነበልባሉ የሚወጣው በዚያው አፍ ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ እጁ ላይ ነው። ላዳም ብዙ አሮጌ መኪኖችም ፓምፑ ላይ በእጅ የሚገፋ ምላስ አላቸው፤ እሷን ደጋግሞ መግፋት ካርቡሬተሩን ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ባለ ኢንጀክተር ነው። ሞተሩ ጋ ያለው የነዳጅ ቱቦ ያልባል። የውሃ ጎማ ቱቦ ቆርጬ በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ባስረውስ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። የውሃ ቱቦን ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ 3 ባርም አይችልም። ለኢንጀክተር ግፊት የተሠራ ቱቦ ጠይቅ፤ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። ፋሼታውም ጎማውን የማይቆርጥ፣ ጠርዙ የታጠፈ ይሁን። እስኪቀየር የባትሪውን ገመድ ንቀልና መኪናዋን አውላላ ሜዳ ላይ አሳድራት።