ስትተኛም ስትነሣም ተጫወተው

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች አሉኝ። መጽሐፍ ቅዱስን እንዲወዱ ብዬ ታሪኩን በጨዋታ አስተምራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የማቀዝቀዣ ካርቶን ቆርጠን የኖኅን መርከብ ሠራን፤ ልጆቹ ውስጡ ገብተው አንዱ እንደ አንበሳ ያገሣል፣ አንዱ እንደ በግ ይጮኻል። አብረውን የሚኖሩት እናቴ ይህን ሲያዩ «በእግዚአብሔር ቃል ይቀለዳል እንዴ?» ብለው በጣም አዘኑ። በማግሥቱ ደግሞ ትንሹ ልጄ የእሳቸውን መጽሐፍ ቅዱስ አውርዶ በእርሳስ ሞነጫጨረበት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጠውታል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አንቺም አላጠፋሽ፣ እናትሽም አላጠፉ። ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ቅዳሴውን ለልጆችሽ እያስለመድሽ እንደሆነ ከጥያቄሽ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ወደዚያ አልገባም። የምገባበት ያ ነጭ ጨርቅ ነው፤ በብዙ ቤት አይቼዋለሁና።

ለጸሎት በተጠራሁባቸው ቤቶች «መጽሐፍ ቅዱስ አለ?» ስል የሚመጣልኝ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ነው። ጨርቁ ሲፈታ የዕጣን ሽታ ይወጣል፤ ገጾቹ ግን ገና አልተላቀቁም። ልጅ ሌሊት ሲባንን ትራሱ ሥር ይደረግለታል፤ ሲነጋ ተመልሶ ይጠቀለላል። ያ ልጅ ስለ መጽሐፉ የሚያውቀው «አትንካ!» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ቃሉን ይወድዳሉ፣ ይፈራሉም፤ አልጠራጠርም። የሳቱት ማክበርን ከማራቅ ጋር አንድ በማድረጋቸው ነው። ደቀ መዛሙርቱም በዚሁ ስተዋል። ሕፃናትን ወደ ጌታ ያመጡትን ሰዎች የገሠጹት ጌታን ያከበሩ መስሏቸው ነበር። ማርቆስ በምዕራፍ 10 ላይ ጌታ ይህን አይቶ እንደ ተቈጣ ይነግረናል። ከዚያም ልጆቹን አቀፋቸው፣ እጁን ጭኖ ባረካቸው።

አሁን ወደ «ጨዋታ» ልምጣ፤ እናትሽን ያሳዘናቸው ይህ ቃል ይመስለኛል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቁጥር 7ን አውጥተሽ አንብቢላቸው። እግዚአብሔር ስለ ቃሉ ሲያዝዝ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ተጫወተው! ተርጓሚዎቹ ንግግርን፣ ወግን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አማርኛችን ለወጉም ለልጆች ሩጫም አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አያት ምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚያወጉትም፣ ልጅ በካርቶን የሚሠራውም ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ዘንድ ልብ ተከፍቶ ይገኛል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያሉ ያደጉ ሰው፣ ሶምሶን በሠርጉ ግብዣ ላይ እንቆቅልሽ እንደ ጠየቀ ቢያነቡ (መሳፍንት 14) ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦርን በዓል ለልጆች እንዴት አድርገው እንዳስረከቡ ተመልከቺ። ጅራፉ ሲጮህ በተራራው ላይ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው ሲበራ የጌታን ብርሃን፣ ሙልሙሉ ሲታደል ለእረኞቹ ልጆች የተወሰደውን ኅብስት ያስታውሳል እያሉ አስተማሩን። ወንጌልን ልጅ በእጁ እንዲይዘው፣ በጆሮው እንዲሰማው፣ በአፉ እንዲቀምሰው አድርገው ሰጡ። ዛሬ ግን የአሥር ዓመት ልጅ በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ሲል ውሎ፣ በተራራው ላይ ከጌታ ጋር የነበሩት እነማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ሙሴንና ኤልያስን፣ ጴጥሮስንና ያዕቆብን ዮሐንስንም የነገረው የለም። ጨዋታው እጃችን ላይ ቀርቶ ትምህርቱ ሲወድቅ ዝም ብለን ያየነው እኛ ወላጆችና መምህራን ነን። ይህን የምለው በኀዘን ነው።

እናትሽ ቅዱስ አትናቴዎስን ይወዱ ይሆናል። ግንቦት 7 ቀን የሚነበበውን ስንክሳር አስታውሺያቸው። የክርስቲያን ልጆች ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እየመሰሉ ይጫወቱ ነበር፤ አንዱን ቄስ፣ አንዱን ዲያቆን አድርገው ሾመዋል። አትናቴዎስን ደግሞ ሊቀ ጳጳስ አድርገው ከፍ ባለ ቦታ አስቀመጡት። በዚያ ያለፈው ሊቀ ጳጳሱ እለ እስክንድሮስ ይህን አይቶ ልጆቹን በዱላ አልበተነም፤ ይህ ልጅ አንድ ቀን ለታላቅ ማዕርግ ይደርሳል አለ እንጂ። ያ ልጅ አድጎ በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ። ለእኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ የላከልን እርሱ ነው።

ወሰን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ልጅ በራሱ ተነሣሥቶ ነጠላውን አጣፍቶ «እግዚኦ መሐረነ» ቢል ተዪው። እኛ ትልልቆቹ ግን ታቦትን፣ ጽዋውንና ሥጋ ወደሙን የጨዋታ ዕቃ አድርገን አንሠራም። የጌታን ስቅለትም የሳቅ ትዕይንት አናደርገውም። ከዚህ ይልቅ አጥብቄ የምነግርሽ ሌላ አለ፦ ጥቅስ በቃሉ ለያዘ ሁሉ ከረሜላ አትስጪ። ዳዊት ቃሉ ከማር ይልቅ እንደሚጣፍጥ ዘምሯል፤ በከረሜላ የለመደ ልጅ ከረሜላው ሲቀር መዝሙሩንም ይተወዋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑ ልጆች በእጄ አልፈዋል፣ ጥፋቱም የእኛ የመምህራኑ ነበር።

በማስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር የኢያሱን ምዕራፍ 3ና 4 ተጫውተን ነበር። ሰማያዊ ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጋን፣ ዮርዳኖስ ሆነ። እያንዳንዱ ልጅ ከግቢው አንድ ድንጋይ ለቅሞ አሥራ ሁለት ሞላን። አራት ልጆች ካህናት ሆኑ፤ ታቦት አልሠራንላቸውም፣ እጃቸውን በትከሻቸው ላይ አድርገው ወንዙ መካከል ቆሙ። ሌሎቹ ተሻገሩ። ጨዋታው አልቋል ብዬ «በሉ ውጡ» ስል ከካህናቱ አንዷ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እግሯን አላነሣችም። «ለምን አትወጪም?» አልኳት። «አንድ ሰው ቀርቷል» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ የሁሉም ታናሽ የሆነው ልጅ ከጨርቁ ማዶ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ይታገላል። መጽሐፉ ካህናቱ ሕዝቡ ሁሉ እስኪሻገር ድረስ በመካከል እንደቆሙ ይናገራል። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለመጨረሻው ሰው መቆም ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ዕለት እንደገባኝ ገብቶኝ አያውቅም። ጎንበስ ብዬ የልጁን ክር አሠርሁለት፤ እስኪሻገር ሁላችንም ጠበቅን።

እግዚአብሔር ድንጋዮቹ እንዲቆሙ ያዘዘውም ልጆች እንዲጠይቁ ነው። «እነዚህ ድንጋዮች ምንድር ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች ይመልሱላቸው ዘንድ አዘዘ። በፋሲካውም ሌሊት ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ «ይህ አገልግሎት ለእናንተ ምንድር ነው?» ባሏችሁ ጊዜ ንገሯቸው ይላል (ዘጸአት 12)። አንቺም የካርቶኑን መርከብ የምትመዝኚው በዚህ ነው፦ ልጆቹ ጥያቄ ካነሡበት፣ ጥያቄውም ወደ መጽሐፉ ከመለሳቸው መልካም ነው። ማግሣቱ ብቻ ከቀረ ግን ካርቶን ነው። መጽሐፉ ሳይገለጥ ጨዋታው እንዳያልቅ፤ አንድ ቁጥርም ብትሆን ገልጠሽ አንብቢላቸው፣ ጣትሽ በፊደሉ ላይ ሲሄድ ይዩ።

ስለ እርሳሱ እናትሽ ልክ ናቸው። ትንሹ ልጅ እጅ ታጥቦ፣ ተሳልሞ መግለጥን መማር አለበት፤ ይህን ከእሳቸው የተሻለ የሚያስተምረው የለም። የሚጽፍበት ሌላ ደብተር ግዢለት። ለታላቁ ደግሞ የራሱ የሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይኑረው፣ በስሙም ስጪው። ገጹ በንባብ ቢላላበት አትዘኚ።

መርከቡንም አትጣዪው፣ አላለቀም። ዘፍጥረት 6 ርዝመቱን 300 ክንድ፣ ወርዱን 50፣ ከፍታውን 30 ክንድ ያደርገዋል። ክንድ ምን እንደሆነ ልጆችሽ አያውቁም፤ ሸማ ሲለኩ የኖሩት አያታቸው ያውቃሉ። «እማዬ፣ ክንድሽን አበድሪን» በያቸው። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ በገመድ ይለኩና ልጆቹ ገመዱን ይዘው ከሳሎን ይጀምሩ። ሦስት መቶ ቤት ውስጥ አይበቃም፤ በረንዳውን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ፣ መንገድ ላይ ይወጣል። አብረሻቸው ሂጂ፣ እየቆጠራችሁ። ስትመለሱ ልጆቹ በካርቶኑ ላይ በር ይቁረጡ፣ ገብተውም ይቀመጡ። ከዚያ እናትሽ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ ኖኅ ከገባ በኋላ በሩን ከውጭ የዘጋው ማን ነው? መልሱ ምዕራፍ 7 ቁጥር 16 ላይ ነው፤ መጽሐፉን ከጨርቁ አውጥተው እሳቸው ያንብቡላቸው።